እንግሊዝ ገጠር በሳይክል፦ ለሻንጣው ክፈሉ፣ ለካርታው አትክፈሉ

ፒያሳ ላይ "ሳይክል ልነዳ እንግሊዝ ሄጄ ነበር" ብሎ ያወራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ። ጊዮርጊስ ጋ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት ወሬው ከተሰማ ጀምሮ አንዱ "እዚህ ሳይክል ጠፍቶ ነው?" ይለኛል፣ ሌላው "ቪዛ ተሰጥቶት የተመለሰ የመጀመሪያው ሐበሻ" እያለ ለሰው ያስተዋውቀኛል፣ ቀልዱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ጠጋ ብሎ "እሺ ስንት ፈጀብህ? ያዋጣል?" ነው የሚለው። ለእያንዳንዱ ከምደግም እዚህ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ብሪስቶል ነው የሚኖረው፣ በ11 ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው፣ ሐኪሙ "ተንቀሳቀስ" ካለው ጊዜ ጀምሮ ና አብረን እንንዳ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ በመጨረሻ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተሳካ። ባዝ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት (ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም) የአምስት ቀን ፓኬጅ አለው፣ ሳይክል ያከራያሉ፣ የአራት ሌሊት አልጋ ከነቁርሱ ይይዛሉ፣ ሻንጣችሁን በመኪና ከማደሪያ ማደሪያ ያደርሱላችኋል፣ ከዛ የመንገድ ቡክሌት ምናምንና ስልክ ላይ የሚጫን የመንገድ ፋይል ይሰጧችኋል። አስጎብኚ የለም፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትነዱት። በሰው 610 ፓውንድ፣ የኤሌክትሪክ ሳይክል ለሚፈልግ ጭማሪ አለው። ወደ ብር አትቀይሩት፣ እኔ ቀይሬው የዛን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለቸኮለ ሰው፦ መንገዱ ከአስር አስር፣ ሳይክሉ ስምንት፣ ሻንጣ ማመላለሱ አንዴ ጉድ ሠርቶን ሦስቴ በሰዓቱ፣ ካርታውና ፋይሉ ግን የተበላ ብር። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ዝግጅት ብዙ አልነበረኝም። ኮሪደር ልማቱ ካመጣልን ነገር አንዱ የሳይክል መስመሩ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መኪና ሳይበዛ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ሽሮ ሜዳን አልፌ የእንጦጦን አቀበት አንጀቴ እስኪታጠፍ። ይሄ ብቻ በቂ ነው ስላችሁ ጉራ አይደለም፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የኖረ ሳንባ ይዛችሁ ባሕሩ አጠገብ ስትወርዱ አየሩ ራሱ ከኋላ የሚገፋችሁ ነው የሚመስለው። ግን እንግሊዝ ሜዳ ነው ያላችሁን ሰው አትመኑ። አቀበታቸው እንደ እንጦጦ ረጅም አይደለም፣ አጭር ሆኖ ግድግዳ ነው፣ ማርሽ ቀይራችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል፣ ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ደግሞ ሌላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ከብሪስቶል ባዝ ነው፣ 21 ኪሎ ሜትር፣ አስፋልት ሆኖ መኪና የማይገባበት። ድሮ የባቡር መንገድ ነበር። በ1963 ዶክተር ቢቺንግ የሚባል የባቡር ኃላፊ ድርጅቱ ከስሯል፣ ከ2,000 በላይ ጣቢያ ይዘጋ ብሎ ሪፖርት አቀረበ፣ አብዛኛው ተዘጋ፣ አገሩ ሙሉ ባዶ የባቡር መስመር ቀረ። ከዛ በ1977 ብሪስቶል ውስጥ የተሰባሰቡ ሳይክል ወዳዶች ይሄን መስመር ለሳይክል እናድርገው አሉ፣ ከ1979 እስከ 1986 ድረስ አብዛኛውን በበጎ ፈቃደኛ ጉልበት እየደለደሉ ሠሩት። ያ ማኅበር ነው በኋላ ሰስትራንስ ተብሎ አገር አቀፉን የሳይክል መረብ የዘረጋው። ባቡር አቀበት ስለማይወድ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን በስተውታል፣ ሸለቆውን ሞልተውታል፣ እና እናንተ ጭኖቻችሁን ሳታማርሩ ትንሸራተታላችሁ ማለት ነው። ስቴፕል ሂል ላይ 470 ሜትር ገደማ የሆነ መሿለኪያ አለ፣ ቢተን የሚባል ጣቢያ ጋ ደግሞ በከሰል የሚሄድ የድሮ ባቡር እያፏጨ አጠገባችሁ ይሄዳል፣ አዛውንት ፈረንጆች ኮፍያ አድርገው ፊሽካ ይነፋሉ፣ በነፃ ነው የሚሠሩት።

እዛ ቆሜ ለገሃር ትዝ አለኝ። በ1917 አዲስ አበባ የገባው ያ የምድር ባቡር መስመር እስከ አቃቂ ድረስ ለሳይክል ቢሆን ብዬ ለጋሼ ስነግረው "አንተ መጀመሪያ ፍሬንህን ያዝ፣ ሰው ልትገጭ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በስተቀኝ ነበር የምነዳው። እዛ አገር ሁሉም ነገር በግራ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ "ግራ! ግራ!" እየተባልኩ ነው የነዳሁት፣ አደባባይ ላይማ ወርጄ እየገፋሁ ነው የማልፈው።

አሁን ካርታው ለምን ብር መብላት እንደሆነ። እዛ አገር የሳይክል መንገዱ ሁሉ ቁጥር አለው፣ ሰማያዊ ታፔላ ላይ በቀይ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር። ከብሪስቶል ባዝ 4 ቁጥር ነው። መታጠፊያው ሁሉ ላይ ተለጥፏል፣ 4ን ብቻ ተከትላችሁ ብትሄዱ ሌላ ምንም ሳያስፈልጋችሁ ትገባላችሁ። ቡክሌቱ ላይ ያለው ይሄው በታፔላ ላይ ያለው ነው፣ በወፍራም ወረቀት ታትሞ።

ቡክሌቱ ውስጥ የሌለው ነገር ግን ለእኛ ዋናው ነው። መንገዱ ባዝ ሊገባ ሲል ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር በኩል ያልፋል፣ እዛ ነው ፌርፊልድ ሐውስ ያለው፣ የጃንሆይ ቤት። ማይጨው ላይ ከተሸነፍን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ያንን ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ንጉሥ ሊያያቸው አልፈለገም፣ ባዝ ገቡ፣ ይሄን ቤት ገዝተው ከ1936 እስከ 1940 ድረስ በስደት ኖሩበት። እኔ በልጅነቴ "እንግሊዝ ተሰደዱ" ሲባል ለንደን ይመስለኝ ነበር፣ ቤተ መንግሥት ነገር። ኮረብታ ዳር ያለ፣ ግቢ ያለው፣ ደህና የሀብታም ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከዚህ የሚገርመው የቤቱ ስታይል የጣልያን ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን ቪላ አስመስለው መሥራት ፋሽን ነበር፣ እና ከጣልያን የሸሹት ንጉሥ አራት ዓመት ጣልያን መስሎ በተሠራ ቤት ውስጥ! ጋሼ ይሄን ሲሰማ ሳይክሉ ላይ ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

በ1954 ተመልሰው ሲመጡ ባዝ የከተማው የክብር ዜጋ አድርጋቸዋለች፣ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአዛውንቶች መገልገያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት። እኛ ስንደርስ መሽቷል፣ አልገባንም፣ በሩ ጋ ቆመን ነው ያየነው። ጋሼ ሃያ ዓመት ብሪስቶል ኖሮ አንድ ቀን መጥቶ እንደማያውቅ እዛ ነው የነገረኝ። ኮፍያውን አውልቆ ዝም ብሎ ቆመ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ከዛ "እማዬ ይሄን ብታይ" አለ። መግባት የሚፈልግ መቼ እንደሚከፈት አስቀድሞ ይጠይቅ፣ እንደኛ አትሁኑ።

ባዝ ራሷ ፍልውሃ ናት፣ ቀልድ የለም። አዲስ አበባ ለምን እዚህ ተቆረቆረች? እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደውት አይደል። ባዝም ያው ናት፣ ሮማውያን ውሃውን አይተው ነው የሠፈሩት፣ 46 ዲግሪ ሆኖ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። ልዩነቱ እኛ ጋ ቁጥር ወስዳችሁ፣ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ ገብታችሁ ትታጠባላችሁ፣ እነሱ ጋ ደግሞ ከፍላችሁ ገብታችሁ ውሃውን ታዩታላችሁ። መንካት ክልክል ነው። ለመታጠብ ሌላ ዘመናዊ ቤት አለ፣ ዋጋውን አይቼ ወጣሁ፣ ፍልውሃችን ይሻለኛል።

ሁለተኛው ቀን ከሁሉም የወደድኩት ነው፣ ሻንጣ እዛው ባዝ ትታችሁ ዙረት ብቻ፣ ወደ 21 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ መሿለኪያዎች ይሉታል፣ ይሄም በ1966 የተዘጋ የባቡር መስመር ነው፣ ለሳይክል የተከፈተው በ2013። የመጀመሪያው መሿለኪያ አጭር ነው፣ እንደ መለማመጃ ቁጠሩት። ሁለተኛው ግን ኮም ዳውን ይባላል፣ 1,672 ሜትር፣ በእንግሊዝ ለሳይክል ከተከፈቱት ሁሉ ረጅሙ። ውጭ ፀሐይ ነበር፣ እንደገባን ብርዱ ጃኬት ያስለብሳል፣ ግድግዳው ላይ የድሮ ከሰል ጥቀርሻ እስካሁን አለ፣ በጣቴ ነካሁት፣ ጠቆረ። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው የምታውቁት በመብራቱ ብቻ ነው። መሀል ላይ ስትደርሱ ከግድግዳው ሙዚቃ ይመጣል፣ የቫዮሊን ዓይነት ነገር፣ ሰው ሲያልፍ ነው የሚሰማው፣ እኔ መጀመሪያ ጆሮዬ የጮኸ መስሎኝ ቆምኩ። "ምንድነው የሚዘምረው?" አልኩት፣ ጋሼ "ንዳ እባክህ፣ ሲወጣ ትጠይቀዋለህ" አለኝ፣ እሱም ፈርቷል።

የፈራው ወዶ አይደለም፣ ከመግባታችን በፊት ታሪኩን አንብቤለት ነበር። ኮም ዳውን የአየር መውጫ የለውም። በ1929 አንድ የዕቃ ባቡር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሾፌሩና ረዳቱ በራሱ ባቡር ጭስ ታፍነው ራሳቸውን ሳቱ፣ ባቡሩ ያለ ሰው ቁልቁል ተንደርድሮ ባዝ የዕቃ ጣቢያ ውስጥ ተከሰከሰ፣ ሦስት ሰው ሞተ። አሁን ጭስ የለም፣ ግን ጨለማው መሀል ላይ ሆናችሁ ይሄን ካሰባችሁት ፔዳሉ በራሱ ይፈጥናል።

ሦስተኛው ቀን ከባዝ ዲቫይዝስ፣ 35 ኪሎ ሜትር በቦይ ዳር። ኬኔትና ኤቨን ቦይ ይባላል፣ በ1810 ያለቀ፣ ባቡር ሳይመጣ ዕቃ በጀልባ የሚጓጓዝበት የነበረ፣ ጀልባውን ፈረስ ከዳር ሆኖ ነበር የሚጎትተው፣ እኛ የምንነዳው የፈረሱን መንገድ ነው። ጠጠር ነው፣ ጠባብ ነው፣ ቅድሚያ ለእግረኛ ነው፣ ደወላችሁን ደውላችሁ ቀስ ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ ፈረንጆቹ ደግሞ በደወልክ ቁጥር "አመሰግናለሁ" ይሉሃል፣ አንድ ቀን ሙሉ በማላውቀው ሰው ተመሰገንኩ። ጀልባዎቹ ላይ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ጣራቸው ላይ አበባ፣ እንጨት፣ ሳይክል፣ ድመት።

ብራድፎርድ ኦን ኤቨን ላይ የግድ ውረዱ፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎተራ አለ፣ የአስራት ጎተራ ነው የሚሉት፣ 50 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ገበሬው ለገዳሙ የሚያስገባው እህል እዚህ ነበር የሚከማች። ውስጡ ባዶ ነው፣ ጣራውን የተሸከመው እንጨት ብቻ፣ ቀና ስትሉ የተገለበጠ መርከብ ሆድ ውስጥ የገባችሁ ነው የሚመስለው። መግቢያ አልተጠየቅንም።

ከዛ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የእንግሊዝ አጥር እሾህ ነው፣ ሲከረክሙት ቁርጥራጩ መንገድ ላይ ይቀራል። ድርጅቱ ትርፍ ካላማዳሪያና ትንሽ ፖምፓ ኮርቻው ስር አድርጎልናል፣ ይሄን አመሰግናለሁ፣ ግን ትርፉ ካላማዳሪያ የጋሼን ሳይክል የሚያህል ነው፣ የኔን ጎማ አይገባም! ፒያሳ ያለው ጎሚስታዬ "ምን ይታወቃል" ብሎ የሰጠኝን ማጣበቂያና የጎማ ቁራጭ ይዤ ነበር፣ ቦይ ውስጥ አጥልቄ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጌ፣ አሸዋ ወረቀት ስለሌለኝ ድንጋይ ላይ ፍቄ ለጠፍኩት። አንዲት አሮጊት ከጀልባዋ ወጥታ ሻይ ይዛልን መጣች፣ በወተት፣ ሰኔ ጾም ገብቷል ብዬ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ጋሼ በአንድ ቃል ገላገለኝ፣ "ቪገን ነው" አላት። ጾመኞች ይሄን ቃል ያዙ፣ ገጠር መጠጥ ቤት ሳይቀር ቪገን ካላችሁ የተለየ ሜኑ ያመጡላችኋል፣ አምስት ቀን ሙሉ ጾሜን አልገደፍኩም።

ዲቫይዝስ ልትገቡ ስትሉ ኬን ሂል ይመጣል፣ እና ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው። ቦዩ ኮረብታ ገጠመው፣ ውሃ ደግሞ አቀበት አይወጣም፣ ስለዚህ ጆን ሬኒ የሚባለው መሐንዲስ 29 የውሃ በር ሠራለት፣ 16ቱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እንደ ደረጃ ተደርድረው ኮረብታውን ይወጣሉ። እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብለን አየን። ጀልባው በሁለት በር መሀል ይገባል፣ የታችኛው ይዘጋል፣ አንዲት ሴትዮ ወርዳ በብረት እጀታ ትንሿን መዝጊያ ታዞራለች፣ ከላይ ውሃ ይገባል፣ ጀልባው ባሏን እንደያዘ ቀስ እያለ ይነሳል፣ እኩል ሲሆን የላይኛውን በር በጀርባዋ ተደግፋ ትገፋዋለች፣ ግንድ የሚያህል እንጨት ነው፣ መጀመሪያ አይነቃነቅም ከዛ በራሱ ይሄድላታል። አንድ በር አለቀ። 29ኙን ለመጨረስ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ባልየው መሪውን ይዞ ቆሞ ነው፣ ጋሼ "ሥራ አከፋፈላቸውን ወደድኩት" አለ። እኛ በሳይክል ዳሩን ወጣነው፣ ቡክሌቱ ላይ "ቀላል አቀበት" ይላል፣ ውሸት ነው።

አራተኛው ቀን ነው ነገር የተበላሸው። ከዲቫይዝስ ወደ ኤቭበሪ ስንሄድ ዋናው መንገድ መኪና ስለሚበዛበት በእነሱ ፋይል ተማምነን ገባን፣ ስልኩ ታጠፉ አለን ታጠፍን፣ እርሻ መሀል ገባን፣ ከዛ አጥር ላይ የእንጨት መረማመጃ ገጠመን፣ ሰው ብቻ ተንጠላጥሎ የሚያልፍበት። እዛ አገር ሕግ አለው፣ የእግረኛ ዱካ ሌላ ነው የፈረስ መንገድ ሌላ ነው፣ ሳይክል በፈረስ መንገድ መሄድ የተፈቀደለት ከ1968 ጀምሮ ነው፣ በእግረኛው ላይ ግን መብት የለህም። ፋይሉ የከተተን እግረኛው ውስጥ ነው! ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን የጋሼን የኤሌክትሪክ ሳይክል ለሁለት አንስተን አጥር ስናሻግር ገበሬው ትራክተሩ ላይ ሆኖ እያየን ነው፣ ሳይሰድበን ዝም ብሎ አየን፣ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። ለድርጅቱ ደወልን፣ ልጁ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፣ በጣም ጨዋ ነው፣ "ፋይሉን እናስተካክላለን" አለ። ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ኤቭበሪ ግን ንዴቱን አስረሳን። የዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ ነው፣ ከ4,000 ዓመት በላይ የሆነው፣ ከትልቅነቱ የተነሳ መንደር መሀሉ ገብቶበታል፣ መጠጥ ቤቱም ቤቱም በጎቹም ክቡ ውስጥ ናቸው። አጥር የለውም፣ ቲኬት የለውም፣ ድንጋዩን ታቅፋላችሁ። ጥያን ያየ ሰው ስሜቱ ይገባዋል፣ ሣር ላይ ቆሞ ማን ለምን እንዳቆመው የማይናገር ድንጋይ፣ ብቻ የጥያዎቹ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል፣ እነዚህ ላይ ምንም የለም። ትንሽ ወረድ ሲል ሲልበሪ ሂል አለ፣ ሰው በእጁ የከመረው ኮረብታ፣ ዓይናችሁ አያምንም።

ከዛ 403 ቁጥርን ይዘን፣ ታፔላውን ብቻ እያየን፣ ካልን፣ ቺፕናም፣ ሌኮክ። አንዴም አልጠፋንም። ሌኮክ ላይ ያለው ገዳም በ1232 ነው የተመሠረተው፣ ገዳምነቱ ቀርቶ የግል ቤት ሆኖ ሳለ የቤቱ ጌታ ፎክስ ታልቦት በ1835 አንዲት የራሱን ቤት መስኮት ፎቶ አነሳ፣ እስካሁን ካሉት የዓለም ኔጋቲቮች የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ቴምብር የምታህል ነገር። እኔ ያደግኩት ፒያሳ ፎቶ ቤቶች መሀል ነው፣ ቴምብር የሚያህል ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ፀጉሬን በውሃ አስተኝተው ወንበር ላይ ያስቀምጡኝ የነበረ ልጅ ነኝ፣ ኔጋቲቩን ወደ መብራት አድርጌ ጥቁር ፊቴን ነጭ ሆኖ ሳይ የሳቅኩት ትዝ ይለኛል። መስኮቷ እንዳለች አለች። ፊቷ ቆሜ በስልኬ አነሳኋት፣ ምን ላድርግ።

ማታ ሻንጣው አልመጣም። ሾፌሩ ሌላ መንደር ወስዶት ነበር፣ የደረሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ። እኔ ላብ የጠጣ ልብስ ለብሼ ራት በላሁ፣ ይሄስ ይሁን፣ የጋሼ ሳይክል ቻርጀር ሻንጣው ውስጥ ነው! ባትሪው ለሊቱን ሙሉ ሊሞላ ሲገባው ጋሼ ደክሞት ተኝቶ ቻርጀሩን ሳይሰካ አደረ። ግማሹ የድርጅቱ ጥፋት ግማሹ የጋሼ ነው፣ እሱ ግን ሙሉውን ለድርጅቱ ሰጥቷል።

በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ ሳይክል ያሉት ሞተር ሳይክል አይደለም፣ እናንተ ካልረገጣችሁ አይሄድም፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ማገዙን በሕግ ያቆማል። ግን አቀበት ላይ ጋሼ በአራት ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደሰደበኝ አልነግራችሁም፣ እያፏጨ ነበር የሚያልፈኝ፣ "የእንጦጦ ጀግና፣ ላግዝህ?" እያለ።

በአምስተኛው ቀን ካስል ኩም ገባን፣ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠ በማር ቀለም ድንጋይ የተሠራ መንደር፣ ፎቶው ላይ ያለው ሁሉ አለ፣ ከዛ ውጭ የሚሠራ ነገር የለም፣ ሰው ይበዛዋል፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። መውጫው ግን ግድግዳ ነው። እዛ አቀበት መሀል ላይ የጋሼ ባትሪ ጢት ብሎ አለቀ። በዝናብ። እነሱ ዝናብ የሚሉት ከእኛ ሐምሌ ጋር ሲነፃፀር ፊት መታጠቢያ ነው፣ ግን አያቆምም። ያ ከባድ ሳይክል ያለ ሞተር እንኳን ሊነዳ ሊገፋም አይቻልም፣ "ጋሼ ላግዝህ?" አልኩት፣ መልስ የለም። ሳይክል ተለዋወጥን፣ የኔን ወሰደ፣ የሱን እየገፋሁ አወጣሁት። ከላይ ስንደርስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ "አንተ ልጅ፣ ሳንባህን እናቴ ለእኔ አልሰጠችኝም" አለኝ። ለአምስት ቀን ስድብ ይሄ በቂዬ ነው። ባዝ የገባነው ከምሽቱ ሁለት ተኩል ላይ ነው፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሰኔ ላይ እዛ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ይታያል፣ ቢመሽብን ኖሮ አልቆልን ነበር።

እና ያዋጣል ወይ ላላችሁት፦ ዘመድ ያለው ሰው ፓኬጁን ሙሉ አይግዛ። ሳይክል ብቻ ተከራዩ፣ አልጋ ራሳችሁ ያዙ፣ 4ን፣ 244ን (የመሿለኪያዎቹ ናት) እና 403ን በቃላችሁ ያዙ፣ ታፔላ በነፃ ነው። ክፈሉ ብዬ የምመክረው ለሻንጣ ማመላለሱ ብቻ ነው፣ አንዴ ቢያስለቅሰንም ሻንጣ ጭኖ ኬን ሂልን መውጣት ከማልቀስ ይብሳል፣ ብቻ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጃችሁ አይለይ። ቀናችሁ ሦስት ብቻ ከሆነ ካስል ኩምን ዝለሉት፣ ፌርፊልድን፣ መሿለኪያውንና ኤቭበሪን አትዝለሉ። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ግዙ፣ ያፍራል አትበሉ፣ በሁለተኛው ቀን መቀመጥ ሲያቅታችሁ ነው የሚያሳፍረው።

ሌላው ደግሞ ሳይክሉን ስትረከቡ ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹት፣ ከታች ፔዳሉ ጋ ሳይቀር። እኛ ካስያዝነው 100 ፓውንድ ላይ "ቀለሙ ተጭሯል" ብለው 15 ቆርጠዋል፣ ጭረቱ ከመጀመሪያው ነበረ፣ ጋሼ ኢሜይል እየጻፈላቸው ነው፣ እስከ ትናንት አምስተኛውን ልኳል።